ኢንዴክሱ ተበላሽቶ ባክአፑም ውስጥ ሲታጣ፦ በፖስትግሬስ ላይ ከምርመራ እስከ ጥገና

«ወንድሜ፣ ፊልትሩ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ይኸው በእጄ ይዤዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ግን የለም ይለኛል።»

ደውላ ይህን ያለችኝ የአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር የመጋዘን ኃላፊ ናት። የዕቃው ቁጥር 90915-10001 ነው። በቁጥሩ ስትፈልገው ባዶ ይመጣል። የዕቃ ዝርዝሩን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ ግን ያው ቁጥር ቁጭ ብሏል። ሥራ መቆም ስለሌለበት እንደ አዲስ መዘገበችው። ሲስተሙም ዝም ብሎ ተቀበላት። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የዕቃ ቁጥር ዩኒክ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ሁለት ጊዜ ሊገባ አይችልም።

ሁለተኛው ድንጋጤ ደግሞ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ስንመልሰው መጣ። ዳታው በሙሉ አለ። የዕቃ ቁጥሩን ዩኒክነት የሚጠብቀው ኢንዴክስ፣ ማለትም ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚያገለግለው የተደረደረ ማውጫ፣ ግን የለም። ማታ ማታ ባክአፑ «ተሳክቷል» እያለ ነው የከረመው፤ ማንም የሰረዘው ሰው የለም።

ይህ ችግር የደረሰበት ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም መጀመሪያ የሚወስደው እርምጃ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ጥገና ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ። የማወራው ፖስትግሬስ ስለሚባለው ዳታቤዝ ነው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደላቸው ጻፏቸው።

ባክአፑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት ይሄ ግልጽ ይሁን። የፖስትግሬስ ባክአፕ መሥሪያ ትዕዛዝ የሆነው ፒጂ_ደምፕ ኢንዴክሱን ባክአፕ አያደርግም። ባክአፕ የሚያደርገው የሠንጠረዡን ረድፎችና «ይህን ኢንዴክስ ሥራ» የሚል አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ሪስቶር ስታደርጉ፣ ማለትም ባክአፑን ስትመልሱ፣ መጀመሪያ ሠንጠረዡ ይፈጠራል፣ ከዚያ ረድፎቹ ይገባሉ፣ በመጨረሻ ኢንዴክሶቹ ከዜሮ ይሠራሉ። ረድፎቹን ሲያወጣም ሠንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሚያነበው፤ በእናንተ ኢንዴክስ በኩል አያልፍም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ኢንዴክሱ ምንም ያህል ቢበላሽ ፒጂ_ደምፕ ያለ ምንም ስህተት ይጨርሳል። ባክአፑ ተሳካ ማለት ኢንዴክሱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተበላሸው ኢንዴክስ ድግግሞሽ አሳልፎ ከነበረ፣ ሪስቶር ሲደረግ ዩኒክ ኢንዴክሱ ሊሠራ አይችልም። ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር ያገኝና «ኩድ ኖት ክሪኤት ዩኒክ ኢንዴክስ» ብሎ ያንን ትዕዛዝ ይተወዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፒጂ_ሪስቶር በተፈጥሮው ስህተት ሲገጥመው አይቆምም፤ መጨረሻ ላይ «ይህን ያህል ስህተት ታልፏል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል። ያንን መስመር ካላያችሁት ኢንዴክሱ እንደጎደለ የምታውቁት ሲስተሙ መንቀርፈፍ ሲጀምር፣ ወይም «ኦን ኮንፍሊክት» (ድግግሞሽ ሲገጥም ምን ይደረግ የሚለው) ያለበት ኢንሰርት ሁሉ በስህተት መመለስ ሲጀምር ነው።

ኢንዴክስ ከባክአፕ የሚጎድልበት ሌላ መንገድም አለ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ኢንዴክስን «ኮንከረንትሊ» በሚለው፣ ምዝገባ ሳይቆም በሚሠራበት መንገድ መሥራት ጀምራችሁ መሃል ላይ ከከሸፈ፣ ግማሽ የተሠራው ኢንዴክስ «ኢንቫሊድ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ይቀራል። ስሙ ይታያል፣ ዲስክም ይይዛል፣ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ግን አይጠቀምበትም። ፒጂ_ደምፕ እንዲህ ያለውን ኢንዴክስ ይዘለዋል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ባክአፑ ውስጥ ትዕዛዙ ራሱ አይገኝም።

አንደኛ፦ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ

የሰው ሁሉ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሪኢንዴክስ፣ ኢንዴክሱን እንደገና ወደ መሥራት ነው። ቆዩ። የተበላሸው ኢንዴክስ ብቻ ይሁን፣ ወይስ ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥም ተነክቷል፣ ገና አታውቁም። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ብዙ መጻፍ ራሱ አደጋ ነው።

አፕሊኬሽኑን አቁሙ፤ ካልሆነ ቢያንስ አዲስ ምዝገባ እንዳይገባ አድርጉ። የተበላሸ ዩኒክ ኢንዴክስ ላይ በሠራችሁ ቁጥር ድግግሞሹ ይበዛል፣ ነገ የምታጸዱት እናንተው ናችሁ። ከዚያ ፖስትግሬሱን በሥርዓት አጥፉትና የዳታ ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ለሠንጠረዦች የተለየ ቴብልስፔስ (ከዳታ ፎልደሩ ውጭ ያለ ማስቀመጫ) ካላችሁ እሱንም አትርሱ። ፒጂ_ደምፕ እዚህ አይበቃም፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፣ የተበላሸውን ኢንዴክስ አይዝም። ነገ «ምን ነበር የሆነው?» ብላችሁ ለመመርመር የምትፈልጉት ግን እሱን ነው።

የድሮ ባክአፖችንም አትሰርዙ። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ በየሳምንቱ አሮጌ የሚያጠፋ ክሮን (በሰዓቱ በራሱ የሚነሳ ሥራ) ካለ ለጊዜው አቁሙት። የድግግሞሹ መጀመሪያ ቀን የሚታወቀው ከነሱ ነው።

ሁለተኛ፦ አንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ ጠይቁ

ሰርቨሩን መልሳችሁ አስነሱ፤ አፕሊኬሽኑ እንደተዘጋ ይቆይ። ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትዕዛዝ መጻፊያ) ገብታችሁ አልገኝም ያለውን ቁጥር ፈልጉ። እኛ ጋ መልሱ አንድ ረድፍ ነበር፤ ኋላ የተመዘገበው።

ከዚያ እዚያው ሴሽን ውስጥ ሦስት ነገር ኦፍ አድርጉ፦ ኢኔብል_ኢንዴክስስካን፣ ኢኔብል_ኢንዴክስኦንሊስካን፣ ኢኔብል_ቢትማፕስካን። አሁን ፖስትግሬስ ኢንዴክሱን ትቶ ሠንጠረዡን በቀጥታ ያነባል። ያንኑ ኩዌሪ ድገሙት። እኛ ጋ ሁለት ረድፍ መጣ። ያው ጥያቄ፣ ያው ሠንጠረዥ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ከዚህ በኋላ መጠራጠር የለም፤ ኢንዴክሱ ይዋሻል።

መንገዱ በእርግጥ መቀየሩን ለማረጋገጥ ኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌይን» ጨምሩ። መልሱ ላይ «ሴክ ስካን» የሚል ካላያችሁ ያነጻጸራችሁት ኢንዴክሱን ከራሱ ከኢንዴክሱ ጋር ነው።

ሁለቱም መንገድ ተመሳሳይ መልስ ከሰጠ ግን ችግሩ ሌላ ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለዳታቤዝ ሦስት ናቸው። ስልክም እንዲሁ ነው፣ በ09 የሚጀምረውና በ+251 የሚጀምረው ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ነው። ይሄ የኢንዴክስ ብልሽት አይደለም፤ ሲመዘገብ ወጥ ያልተደረገ ዳታ ነው። መፍትሔው ሌላ ስለሆነ እዚህ ጋ ለዩት።

ሦስተኛ፦ ምን አበላሸው?

ምክንያቱን ሳታውቁ ብትጠግኑት ተመልሶ ይመጣል። እኔ የምጠይቃቸውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በቅርቡ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተቀይሯል? ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይሄን ነው። እኛም ጋ የሆነው እሱ ነበር፤ ሰርቨሩ ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 አድጓል፣ የፖስትግሬሱ ዳታ ፎልደር ግን እንዳለ ነው የቀጠለው።

እንዴት ያበላሻል ካላችሁ፣ መዝገብ ቤት አስቡ። ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ በሀለሐመ ተራ ተደርድረዋል። አንድ ቀን አዲስ መዝገብ ያዥ ይመጣል፤ እሱ የሚያውቀው የአበገደን ተራ ነው። የ«ገብረ»ን ፋይል ሲፈልግ ከፊት ካሉት መደርደሪያዎች ይጀምራል፣ አያገኘውም፣ «የለም» ይላል። ፋይሉ ግን ከኋላ፣ በቦታው አለ። አልተቀደደም፣ አልጠፋም። ሰውየው ከዚያ አዲስ ፋይል ከፍቶ በራሱ ተራ ያስቀምጠዋል። አሁን ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ሆነ።

ሊኑክስ ላይ ያ መዝገብ ያዥ ጂሊብሲ የሚባለው ላይብረሪ ነው። ጽሑፍ በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረደር፣ ማለትም ኮሌሽን የሚባለውን፣ ፖስትግሬስ በተለምዶ የሚጠይቀው እሱን ነው። በነሐሴ 2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ጂሊብሲ 2.28 የአደራደር ደንቡን በሰፊው ቀየረ። ዴቢያን ከ10 ጀምሮ፣ ሬድ ሃት ከ8 ጀምሮ፣ ከኡቡንቱ ሎንግ ተርም ስሪቶች ደግሞ ከ20.04 ጀምሮ ያሉት ሁሉ አዲሱን ደንብ ይዘዋል። ዶከር የምትጠቀሙ ደግሞ ልብ በሉ፤ ያንኑ የዳታ ቮልዩም ይዛችሁ ኢሜጁን ከዴቢያን ወደ አልፓይን ብትቀይሩ አልፓይን ጂሊብሲን ሳይሆን ሙስልን ስለሚጠቀም ያው አደጋ ይመጣል።

ልዩነቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት መስመር ያለው ፋይል ሥሩ፤ አንዱ 1-1፣ ሌላው 11። ኤልሲ_ኮሌትን በአሜሪካ እንግሊዝኛ ዩቲኤፍ-8 አድርጋችሁ በ«ሶርት» አስደርድሩት። የድሮው ደንብ 11ን ያስቀድማል፤ አዲሱ 1-1ን። ሰረዟን የድሮው መጀመሪያ ላይ ይዘላታል፣ አዲሱ ይቆጥራታል። አሁን የመለዋወጫ ቁጥሮቹን አስቡ። ግማሹ በሰረዝ 90915-10001 ተብሎ ተመዝግቧል፣ ግማሹ ሠራተኛው ቸኩሎ ያለ ሰረዝ ጽፎታል። በድሮው ደንብ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአዲሱ ተራራቁ። ኢንዴክሱ ፋይል ላይ የተጻፈው በድሮው ተራ ነው፤ ፍለጋው የሚሄደው በአዲሱ።

ፖስትግሬስ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ራሱ ሊነግራችሁ ይችላል፤ ስትገቡ «ኮሌሽን ቨርዥን ሚስማች» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ሎጉ ላይ ፈልጉት።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካልተነካ የፖስትግሬሱን ቁጥር እዩ። ከ14.0 እስከ 14.3 ያሉት ላይ ኢንዴክስን በኮንከረንትሊ መሥራት ራሱ ኢንዴክሱን ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ነበር፤ በሰኔ 2022 በወጣው 14.4 ተስተካክሏል። እዚያ ላይ ከሆናችሁ ጥገና ከመጀመራችሁ በፊት ወደ መጨረሻው 14 አሳድጉ።

በጣም አሮጌ ስሪት፣ ከ10 በታች፣ እና ሃሽ የሚባለው የኢንዴክስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ያኔ ሃሽ ኢንዴክስ ዋል (ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ የሚጻፍበት መዝገብ) ላይ አይጻፍም ነበር። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ድንገት ከወደቀ፣ ወይም በሬፕሊካ (ዋናውን ተከትሎ በሚገለብጥ ሰርቨር) ወይም በፋይል ባክአፕ ከመጣ፣ እንደገና መሠራት አለበት።

የቀረው ሃርድዌር ነው። የሊኑክሱን የከርነል ሎግ ለዲስክ ስህተት አገላብጡት። ዩፒኤስ ሳይኖረው በየጊዜው መብራት የሚጠፋበት ቦታ ያለ ሰርቨር ከሆነ ይሄን በቁም ነገር ያዙት። ዳታ ቼክሰም (ገጹ እንደተጻፈ መኖሩን የሚያረጋግጥ ቁጥር) በርቶ ከሆነ የዲስክ ብልሽትን ይይዛል። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ ቼክሰም የአደራደር ችግርን በፍጹም አይዝም። ገጹ እንደተጻፈ ሳይነካ ስላለ ለቼክሰም ሁሉም ደህና ነው።

አራተኛ፦ የትኞቹ እንደተበላሹ በኤኤምቼክ ለዩ

አንድ ኢንዴክስ ከተበላሸ ብቻውን ነው ብላችሁ አታስቡ። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ ኤኤምቼክ የሚባል ኤክስቴንሽን አብሮ ይመጣል። «ክሪኤት ኤክስቴንሽን» ብላችሁ ጫኑት። ከዚያ ቢቲ_ኢንዴክስ_ቼክ የሚለውን ፈንክሽን የኢንዴክሱን ስም ሰጥታችሁ ጥሩት። ከ11 ጀምሮ ሁለተኛ ነገር ይቀበላል፤ ትሩ ካላችሁት ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ረድፍ ኢንዴክሱ ውስጥ መኖሩንም ይፈትሻል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይህንን ሳታደርጉ አትለፉ።

ጤነኛ ኢንዴክስ ባዶ መልስ ይሰጣል። የታመመው ስህተት ይጥላል። «አይተም ኦርደር ኢንቫሪያንት ቫዮሌትድ» የሚል ካያችሁ ቅደም ተከተሉ ፈርሷል ማለት ነው፤ የኮሌሽን ነገር በብዛት ይህን መልክ ይዞ ነው የሚመጣው። «ላክስ ማቺንግ ኢንዴክስ ተፕል» ካለ ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ ያለ ረድፍ ኢንዴክሱ ውስጥ የለም።

ቢቲ_ኢንዴክስ_ፓረንት_ቼክ የሚባል ጠለቅ ያለ ወንድም አለው። እሱ ግን ሲሠራ ሠንጠረዡ ላይ መጻፍን ይከለክላል፤ ሥራ ሰዓት ላይ አትሞክሩት። ፖስትግሬሳችሁ 14 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፒጂ_ኤኤምቼክ የሚባል ትዕዛዝ አለላችሁ፣ ሙሉ ዳታቤዙን በአንዴ ይፈትሻል። ከ17 ጀምሮ ደግሞ ዩኒክነት መጣሱንም ይፈትሻል።

ኤኤምቼክ ለረጅም ጊዜ ቢ-ትሪ የሚባለውን የተለመደውን የኢንዴክስ ዓይነት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ጂን የሚባለውን ዓይነት መፈተሽ የጀመረው በ18 ነው። ለሌሎቹ ያለን አማራጭ የሁለተኛውን ደረጃ ማነጻጸሪያ መድገም ነው። ደግሞም የቁጥር ኢንዴክሶች፣ ኢንቲጀርና ቀን የመሳሰሉት፣ በኮሌሽን ለውጥ አይነኩም። እነሱም ከተበላሹ ምርመራውን ወደ ዲስኩ አዙሩት፤ በአደራደር ለውጥ ብቻ የሚገለጽ ነገር አይደለም።

አምስተኛ፦ ባክአፑ ውስጥ የጎደለውን በስም አውጡ

ፒጂ_ሪስቶርን በትንሿ «ኤል» አማራጭ ባክአፑ ላይ ብትጠሩት ምንም ሳይመልስ የይዘቱን ዝርዝር ብቻ ያወጣል። ከዝርዝሩ «ኢንዴክስ» የሚሉትን መስመሮች ለዩ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ፕራይመሪ ኪይ (የረድፉ ዋና መለያ) እና ዩኒክ ኮንስትሬይንት (ድግግሞሽ የሚከለክል ደንብ) እዚያ ዝርዝር ላይ «ኮንስትሬይንት» ተብለው ነው የሚጻፉት። «ኢንዴክስ» የሚለውን ብቻ ብትፈልጉ ግማሹ የጠፋ ይመስላችኋል። ሁለቱንም ውሰዱ።

ከዚያ ሥራ ላይ ካለው ዳታቤዝ ፒጂ_ኢንዴክስስ ከሚባለው ቪው የኢንዴክሶቹን ስም አውጡ። ሪስቶር የተደረገው ላይም እንዲሁ። ሦስት ዝርዝር ሆነ። ጎን ለጎን አድርጓቸው።

ሥራ ላይ ያለው ውስጥ ኖሮ ባክአፑ ዝርዝር ላይ የሌለ ኢንዴክስ በብዛት ያ ኢንቫሊድ የተባለው ነው። ፒጂ_ኢንዴክስ ከሚባለው ካታሎግ ኢንድኢዝቫሊድ የሚለው ዓምድ ፎልስ የሆነባቸውን ጠይቁ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ሲሲኒው የሚል ቅጥያ ካለው የከሸፈ ሪኢንዴክስ ትራፊ ነው፣ ጣሉት። ባክአፑ ላይ ኖሮ ሪስቶር የተደረገው ላይ የሌለ ከሆነ ግን ሲሠራ ከሽፏል። የሪስቶሩን ሎግ ክፈቱ። ሎጉን ካላስቀራችሁ ባዶ ዳታቤዝ ላይ እንደገና ሪስቶር አድርጉና ስህተቶቹን ወደ ፋይል ላኩ።

ሎጉ ላይ ብዙ ስህተት ብታዩ አትደንግጡ። አንድ ፕራይመሪ ኪይ ሳይሠራ ከቀረ እሱን የሚጠቅሱ ፎሪን ኪዮች ሁሉ ተከትለው ይወድቃሉ። ከላይ ወደ ታች አንብቡና የመጀመሪያውን ያዙ። ከሥሩ «ኪይ» ብሎ የዓምዱን ስምና ዋጋ ጽፎ «ኢዝ ዱፕሊኬትድ» የሚል መስመር አለ። የሚነግራችሁ አንዱን ድግግሞሽ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ያገኘውን። ሌሎች ስንት እንዳሉ ገና አልታወቀም።

ስድስተኛ፦ ድግግሞሹን ማጽዳት

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ጊዜ ስጡት። ከዚህ በፊትና በኋላ ያለው ኮምፒዩተር የሚሠራው ነው፤ ይሄኛው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ሦስቱን ስካኖች መልሳችሁ ኦፍ አድርጉ። ይህን ከረሳችሁ ድግግሞሽ ፍለጋው ራሱ በተበላሸው ኢንዴክስ በኩል ሊሄድና የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። አሁን ሠንጠረዡን በዕቃ ቁጥሩ ግሩፕ ባይ አድርጋችሁ ካውንቱ ከ1 የበለጠውን አውጡ። ለእያንዳንዱ ረድፎቹን ከሲቲአይዲያቸው ጋር ጠይቁ። ሲቲአይዲ ማለት ረድፉ ፋይሉ ላይ የተቀመጠበት አድራሻ ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ በሱ ትለዩታላችሁ።

90915-10001 ላይ ያየነውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ረድፍ 14 ፍሬ ይላል፣ ሁለተኛው 9። ሥራ የለመደ ፕሮግራመር «አዲሱን አስቀር፣ አሮጌውን ሰርዝ» ይላል። ተሳስቷል። የመጋዘን ኃላፊዋን ጠየቅናት፤ ሄዳ ቆጠረች። 9 ነው። አሮጌው ላይ ያለው 14 ዕቃው ከመጥፋቱ በፊት የነበረ ቁጥር ነው፤ ስትመዘግብ መደርደሪያው ላይ ያገኘችውን ነው የጻፈችው። ሌላ ዕቃ ላይ ግን ተቃራኒው ሆነ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተጻፈው አዲስ የገባው ብቻ ስለነበር ሁለቱ መደመር ነበረባቸው። ሁለቱንም በአንድ ደንብ ብናጸዳቸው ኖሮ የአንዱ ሒሳብ ይበላሽ ነበር። የሰውን ዕቃና ገንዘብ የሚነካ ነገር ስለሆነ ዝርዝሩን አትማችሁ ለባለቤቶቹ ስጧቸው፤ እነሱ ምልክት ያድርጉበት።

መልሱ ሲመጣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ፣ ማለትም ወይ ሁሉም በሚጸናበት ወይ ሁሉም በሚሻርበት መንገድ፣ ሥሩት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚሰረዘውን ረድፍ የሚጠቅሱ የሽያጭና የግዢ መስመሮችን ወደሚቀረው ረድፍ አዙሩ። ከዚያ የሚቀረውን ረድፍ መጠን አስተካክሉ። በመጨረሻ የማይፈለገውን በሲቲአይዲው ሰርዙ። ልብ በሉ፣ አንድ ረድፍ አፕዴት ሲደረግ ሲቲአይዲው ይቀየራል። ትላንት የጻፋችሁትን አድራሻ ዛሬ አትመኑት፤ እዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ አውጥታችሁ እዚያው ተጠቀሙበት። ኮሚት ከማለታችሁ በፊት የግሩፕ ባዩን ኩዌሪ ድገሙ። ባዶ መምጣት አለበት። ባዶ ካልመጣ ሮልባክ።

ሠንጠረዦቹ የሚተሳሰሩት በቁጥር አይዲ ከሆነ ይሄ ቀላል ነው። የተሳሰሩት በራሱ በጽሑፉ፣ በዕቃ ቁጥሩ ከሆነ ግን የፎሪን ኪይ ፍተሻው የሚሄደው በዚያው በተበላሸው ኢንዴክስ ሊሆን ስለሚችል ያለውን ነገር «የለም» ብሎ ሊከለክላችሁ ይችላል። እንዲህ ከገጠማችሁ ጽዳቱን ኢንዴክሱ በሌለበት፣ ሪስቶር በተደረገው ቅጂ ላይ መሥራት ይቀላል። እኔ እንዲያውም ብዙ ጊዜ በማንኛውም ሁኔታ መጀመሪያ ቅጂው ላይ እለማመዳለሁ፤ ትዕዛዞቹን በፋይል አስቀምጬ እዚያ ከሠሩ በኋላ ነው ዋናው ላይ የማስኬዳቸው።

ሰባተኛ፦ አሁን ሪኢንዴክስ

ድግግሞሹ ካለቀ ይሄ አጭር ነው። አፕሊኬሽኑ እንደተዘጋ ከሆነ ተራውን ሪኢንዴክስ ተጠቀሙ፤ ቀላልና አስተማማኝ ነው። ሜይንቴናንስ_ወርክ_ሜም የሚለውን ለዚያ ሴሽን ከፍ ብታደርጉት ይፈጥናል። ማቆም የማይቻል ሲስተም ከሆነ ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ «ሪኢንዴክስ ኮንከረንትሊ» አለ። አዲሱን ሠርቶ እስኪተካ ድረስ አሮጌውም ስለሚቆይ ለሁለቱ የሚበቃ የዲስክ ቦታ ይኑራችሁ። ትራንዛክሽን ውስጥ አይሠራም። ከከሸፈ ያ ሲሲኒው የሚል ትራፊ ይቀራል፤ ፈልጋችሁ ጣሉት።

ምክንያቱ ኮሌሽን ከነበረ የተያዘውን አንዱን ብቻ ጠግናችሁ አትሂዱ። በጽሑፍ ዓምድ ላይ ያለ ኢንዴክስ ሁሉ፣ «ሲ» ኮሌሽን ካልሆነ በስተቀር፣ መሠራት አለበት። ኤኤምቼክ ዛሬ ደህና ያለው ነገ በሚገባ አንድ ቁጥር አይበላሽም፤ ግን ሁለት ሰዓት ቆጥቤ ሙሉ ሌሊት ከምደክም ሁሉንም በአንዴ መጨረስ እመርጣለሁ። 15 እና ከዚያ በላይ ላይ ያላችሁ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ «ሪፍሬሽ ኮሌሽን ቨርዥን» የሚለውን ትዕዛዝ በዳታቤዙ ላይ ስጡ። ያ ትዕዛዝ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል እንጂ ምንም አይጠግንም። ጥገናው ሳያልቅ ቀድማችሁ ከሰጣችሁት ምልክቱን ብቻ ነው የምታጠፉት፤ ችግሩ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ሬፕሊካ ያላችሁ፣ ዋናው ላይ የተሠራው ሪኢንዴክስ በስትሪሚንግ ወደዚያ ይሄዳል። ሁለቱ ማሽኖች ግን የተለያየ ጂሊብሲ ካላቸው አንዱ ላይ ትክክል የሆነው ሌላው ላይ ስህተት ነው። አንድ ዓይነት ስሪት አድርጓቸው። በፒጂ_ቤዝባክአፕ የተወሰደ የፋይል ባክአፕም እንዲሁ ነው፤ እሱ ኢንዴክሱን ከነብልሽቱ ነው የሚገለብጠው፣ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ከመለሳችሁትም ጤነኛውን ኢንዴክስ የተሳሳተ ያደርገዋል።

ኢንዴክሱ የጎደለው ሪስቶር ላይ ሥራ ተጀምሮ ከሆነ

አንዳንዱ ችግሩን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ የሚከለክል ነገር ስላልነበረ ድግግሞሹ ጨምሯል። የስድስተኛውን ደረጃ እዚያው ላይ ሥሩ፤ ከዚያ «ክሪኤት ዩኒክ ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ» በሉ። ሲጨርስ ቫሊድ መሆኑን ካታሎጉ ላይ ሳታዩ አትመኑት። በጽዳቱና በሥራው መሃል አንድ ሰው አንድ ድግግሞሽ ካስገባ ይከሽፋል፣ ኢንቫሊድ ሆኖ ይቀራል፣ ማታ ፒጂ_ደምፕ ይዘለዋል፤ እንደገና መነሻችን ላይ ነን ማለት ነው። ቫሊድ ከሆነ «አድ ኮንስትሬይንት ዩዚንግ ኢንዴክስ» በሚለው ወደ ኮንስትሬይንት ቀይሩት። መጨረሻ ላይ «አናላይዝ» አስኬዱ፤ ኩዌሪዎቹ አዲሱን ኢንዴክስ በአግባቡ እንዲጠቀሙበት።

ባክአፑን የሚፈትን ክሮን

እኛ ካጸዳን በኋላ የቀየርነው ይሄን ነው። በየሳምንቱ እሁድ ሌሊት የቅዳሜው ባክአፕ ትርፍ ማሽን ላይ በራሱ ጊዜ ሪስቶር ይደረጋል፤ ፒጂ_ሪስቶር «ኤግዚት ኦን ኤረር» ተጨምሮበት፣ የመጀመሪያው ስህተት ላይ እንዲቆም። ባክአፑ ተራ የኤስኪውኤል ፋይል የሆነባችሁ ፒኤስኪውኤል ላይ ኦን_ኤረር_ስቶፕ የሚለውን 1 አድርጉት። ከዚያ ስክሪፕቱ የኢንዴክሶቹን ስም ከዋናው ጋር ያነጻጽርና ልዩነት ካለ መልእክት ይልካል። ዋናው ላይ ደግሞ ኢንቫሊድ ኢንዴክስ ካለና ኤኤምቼክ ስህተት ካገኘ እንዲሁ። ስክሪፕቱ ከሠላሳ መስመር አይበልጥም።

አዲስ ሠንጠረዥ ስትሠሩ ደግሞ ለኮድ፣ ለዕቃ ቁጥር፣ ለመታወቂያ ቁጥር የሚሆኑ ዓምዶችን ከመጀመሪያው ኮሌት «ሲ» በሏቸው። ይህ አደራደር በባይት ተራ ስለሆነ ጂሊብሲ ቢቀየር አይቀየርም። ፖስትግሬስ 17 ላይ ለሙሉ ዳታቤዙ የሚሆን ቢልትኢን የሚባል አማራጭም ገብቷል። «የአማርኛ ስም ዝርዝሬ ይዘበራረቃል» ብላችሁ አትስጉ፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ሀ ለ ሐ መ ሠ ብሎ በተራው ስላስቀመጠው በባይት ሲደረደር የምናውቀውን ቅደም ተከተል ይዞ ይመጣል።

መደብሩ ውስጥ ጽዳቱ አራት ቀን ፈጀ፤ ሪኢንዴክሱ ግን ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሰኞ ጠዋት የመጋዘን ኃላፊዋ ቁጥሩን ጻፈችው። አንድ ረድፍ መጣ፤ 9 ፍሬ።